ልንገዛቸው የምንፈልጋቸውን አልበሞች እንዴት እንመዝግብ?

ጥያቄ፦ የምፈልጋቸው አልበሞች ዝርዝር በደብተር፣ በስልክና በኢሜይል ተበታትኖብኛል። ሸክላ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ዝርዝራችሁን በአንድ ቦታ የምትይዙት በምን ዘዴ ነው?

መልስ 1፦ እኔ የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውን ዲስኮግስ የተባለ የሙዚቃ አልበሞች መዝገብ ድረ ገጽ ነው። በእጅዎ ያለውንና የሚፈልጉትን ለየብቻ ይመዘግብልዎታል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን አንድ አልበም በተለያዩ ዓመታትና አገሮች የታተመባቸውን ቅጂዎች ለያይቶ ስለሚያሳይ፣ የመጀመሪያውን እትም የሚሻ ሰው ያንኑ እትም ነጥሎ መመዝገብ መቻሉ ነው።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም ኢንተርኔት በማይሠራበት መደብር ውስጥ የሚያድነኝ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። በእሱ የአርቲስቱን ስም፣ አሳታሚው ለአልበሙ የሰጠውን የካታሎግ ቁጥርና ልከፍል የምፈቅደውን ከፍተኛ ዋጋ እይዛለሁ። ድጋሚ እትም የቀድሞውን የካታሎግ ቁጥር እንደያዘ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሸክላው ላይ በመሃሉ ወረቀትና በመጨረሻው ዘፈን መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተቀረጸውን ቁጥርም አብረው ይመዝግቡ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ የተቀረጸውን ቁጥር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

መልስ 3፦ የገዙትን ዕለቱኑ ከዝርዝሩ ይሰርዙ፤ አለበለዚያ ያንኑ አልበም ደግመው ይገዛሉ (ለአንዳንዶቻችን ይህ ጥሩ ሰበብ ነው)።