የአንድ ቀን የትልቅ ከተማ ጉብኝት ከታዳጊዎች ጋር፦ የማኅበሩ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው የመጀመሪያ ረቂቅ ይህ ነው። ተጓዦች 32 ታዳጊዎች (ከ13 እስከ 17 ዓመት) እና 4 አዋቂዎች። መነሻ ማለዳ 12፡30፣ ከተማው ውስጥ መድረሻ ጠዋት 3፡00፣ ከከተማው መነሻ ከሰዓት በኋላ 11፡00። የሚጎበኙት አምስት ናቸው፦ የከተማው ማማ፣ የታሪክ ሙዚየም፣ አሮጌው ሰፈር፣ የሳይንስ ሙዚየም እና የጀልባ ሽርሽር። አስተያየት እስከ ዓርብ እንቀበላለን። ማሻሻያ የሚያቀርብ አባል ምክንያቱን አብሮ ይጻፍ፤ «ይቀነስ» ተብሎ ብቻ ከታለፈ አርቃቂው ምን እንደሚቀንስ አያውቅም።

የትራንስፖርት ክፍል፦ አምስት ቦታ በስምንት ሰዓት አይገባም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከአንዱ ቦታ ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ልጆቹን ለመሰብሰብና ለመቁጠር 10 ደቂቃ፣ ለመንገዱ 25፣ ለቦርሳ ፍተሻና ለመግቢያው 15፤ በድምሩ 50 ደቂቃ ይሄዳል። አምስት ቦታ ማለት አራት ጊዜ መዘዋወር ስለሆነ 200 ደቂቃ ነው። ከ480 ደቂቃ ላይ ይህንና የአንድ ሰዓት ምሳ ስንቀንስ 220 ይቀራል፤ ለየቦታው ሲካፈል 44 ደቂቃ። የመጀመሪያው ቦታ ፍተሻና መጸዳጃ ቤት ገና አልታሰቡም።

የስልክ ካርታው በሚያሳየው ሰዓትም አትተማመኑ። ካርታው የሚያሰላው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚራመድ ለአንድ ሰው ነው። አርባ የሚጠጋ ሰው መብራት እየጠበቀ ሲሄድ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከተራመደ ጥሩ ነው፤ ካርታው 15 ደቂቃ ካለ እናንተ 25 ያዙ። በተለይ ማቋረጫ ላይ ሰልፉ ለሁለት ይቆረጣል። መሪው እንደተሻገረ እዚያው ከቆመ ከኋላ የሚመጡት አስፋልቱ ላይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሃያ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይቁም።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው። ጠዋት 3፡00 መድረስ ማለት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት መግባት፣ 11፡00 መውጣት ደግሞ ሰው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓት መውጣት ነው። ቀኑን ሁለቱንም ጫፍ በጭንቅንቅ ላይ አሳርፈነዋል።

የወጣቶች አስተባባሪ፦ ቀኑ በሙሉ ወደ ኋላ ይገፋ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት የሚመክረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ስለሚዘገይ፣ ልጁን በጊዜ አልጋ ላይ ማስተኛት ይቻላል እንጂ እንቅልፍ ማስወሰድ አይቻልም። 12፡30 ለመነሳት 11፡30 መንቃት ካለባቸው ግማሾቹ ስድስት ሰዓት እንኳ ሳይተኙ ይመጣሉ። ያ ቀን ደግሞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ በዝምታ ያልፍና ከምሳ በኋላ በጭቅጭቅ ያልቃል። ጠዋት 2፡00 እንነሳ፣ 4፡30 እንድረስ፣ ማታ 1፡00 እንውጣ።

ሁለት ሙዚየም በአንድ ቀን የሚለው ግን ይቅር። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የሚባል የቦስተን ሙዚየም ሰው ስለ «ሙዚየም ድካም» የጻፈው በ1916 እ.ኤ.አ. ነው። ጎብኚውን የሚያደክመው ዕይታው ሳይሆን ለማየት ማጎንበሱና አንገት መጠምዘዙ መሆኑን በፎቶግራፍ እያስደገፈ አሳይቷል። ታዳጊ ሲደክመው «ደከመኝ» አይልም፤ መቀመጫ ፈልጎ ስልኩን ያወጣል፣ አዋቂው ደግሞ ይህን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ለአንድ ሙዚየም 90 ደቂቃ ይበቃል፤ 45ቱ በተመረጡ ሁለት ወይም ሦስት አዳራሾች፣ 30ው በፈለጉበት፣ 15ቱ ለመውጫና ለመጸዳጃ ቤት። ሠላሳ ጥያቄ ያለበት የሥራ ወረቀት አይሰጣቸው። ያንን ወረቀት አንዱ ይሞላና ሰባቱ ፎቶ ያነሱታል። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ ቡድን «ይህ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የምናወጣው የትኛውን ነው?» ብሎ ሦስት ዕቃ መርጦ ይከራከር።

ሒሳብ ሹም፦ የትኛው ሙዚየም እንደሚቀር ከመወሰናችን በፊት የመዝጊያ ቀናቸው ይጣራ። ሰኞ የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ ግን በአንድ ከተማም ይለያያል። ፓሪስ ውስጥ ሉቭር ማክሰኞ ሲዘጋ ኦርሴ የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ቲኬት ላይ ሁለት ነገር ላስገባ። ሰዓት የተቆረጠለት መግቢያ ሲገዛ ቲኬቱ ላይ 11:15 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 5፡15 ነው። መርሐ ግብሩ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ አንድ አዋቂ ቢሳሳት የሰላሳ ስድስት ሰው ቲኬት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ የቡድን ቲኬት ከመግዛታችን በፊት ለታዳጊዎች መግቢያ ነጻ መሆን አለመሆኑን፣ ከቡድን ጋር ለሚገቡ አዋቂዎችም ቅናሽ መኖሩን እንጠይቅ። ነጻ ቢሆንም ሰዓት ማስያዝ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ።

መክፈል የሚቸግራቸው ልጆች ጉዳይ በአንድ ሰው በኩል ብቻ ይለቅ። ስም ዝርዝር በጋራ የቴሌግራም ገጽ ላይ «ከፍሏል፣ አልከፈለም» እየተባለ አይለጠፍ።

የወላጆች ተወካይ፦ «በፈለጉበት» የሚለውን ሳይ ነው ያቆምኩት። ነጻ ጊዜ በማያውቁት ከተማ? ወላጅ ልጁን የሚልከው ከአዋቂ ጋር ነው ብሎ አምኖ ነው። ከ4 አዋቂ ጋር 32 ልጅ ራሱ ያሳስበኛል።

የጤናና ደኅንነት ክፍል፦ በአዋቂዎቹ ቁጥር እስማማለሁ፤ አራት አይበቃም። አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ስምንት ልጅና አንድ አዋቂ፣ በተጨማሪም ቡድን የሌላቸው ሁለት አዋቂዎች፤ በድምሩ ስድስት። ሁለቱ ትርፍ አይደሉም። አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ቢለው ሐኪም ቤት አብሮት የሚሄደው ከእነዚህ አንዱ ነው። በአራት አዋቂ ብቻ ቢሆን ስምንት ልጆች ያለ ኃላፊ ይቀሩ ነበር። በአዘቦት ጊዜ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል።

ነጻ ጊዜው ግን አይቅር፤ ሥርዓት ይያዝ። ቀኑን ሙሉ በሰልፍ የተነዳ የ16 ዓመት ልጅ ራሱ ነጻ ጊዜ ይፈጥራል፣ ያኔ የት እንዳለ አናውቅም። የምላቸው እነዚህ ናቸው፦

ወሰኑ በአራት መንገድ የታጠረ፣ ዳር እስከ ዳር በአሥር ደቂቃ የሚታለፍ ሰፈር ይሁን። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሦስተኛው ይጠራናል። መሰብሰቢያው ላይ አንድ አዋቂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቦታው አይነቃነቅ። መሰብሰቢያ ሲመረጥ ሐውልት ሥር አይሁን፤ የከተማው ቀጠሮ ሁሉ እዚያ ነው። ጣሪያ ያለው፣ መጸዳጃ ቤት የሚቀርበው፣ ሰልፍ በሰው ላይ ሳይወጣ ሊቆም የሚችልበት ይሁን፤ ቢዘጋስ ለሚለው ሁለተኛ ቦታ አብሮ ይነገር።

በዋትስአፕ የቀጥታ መገኛ ማጋራት ይቻላል። ምርጫዎቹ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት እና 8 ሰዓት ናቸው። ነጻ ጊዜው 75 ደቂቃ ከሆነ የአንድ ሰዓቱ በጣም በሚያስፈልገን መጨረሻ ላይ ይቋረጣል፤ 8 ሰዓቱ ተመርጦ መጨረሻ ላይ በእጅ ይጥፋ። ባትሪ ስለሚበላ ከየሦስቱ አንዱ ብቻ ያብራ። ወላጅ በፈቃድ ቅጹ ላይ ካልፈቀደ የዚያ ልጅ ስልክ አይጠየቅም።

የወላጆች ተወካይ፦ ስልኩ ቢሞትስ?

የጤናና ደኅንነት ክፍል፦ ወረቀት። የመታወቂያ መጠን ያለው ካርድ፣ በፊቱ የሁለት አዋቂ ስልክ ቁጥር፣ የመሰብሰቢያው ስምና አድራሻ በከተማው ቋንቋ፣ የአገሩ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር። የልጁ ሙሉ ስም ደረቱ ላይ አይንጠልጠል፤ ማንም እንግዳ ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላል። ካርዱ ኪስ ውስጥ ይሁን።

በተጨማሪ የአስም መንፊያ (ኢንሄለር) እና የአለርጂ መርፌ ያላቸው ልጆች መድኃኒት በልጁ ወይም በቡድኑ አዋቂ እጅ ይያዝ። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት የመድኃኒት ሳጥኑ «እንዳይከብድ» ተብሎ አውቶቡስ ውስጥ መቅረቱና አውቶቡሱ ከከተማው ዳር መቆሙ ነው። በየቡድኑ ቦርሳ ውስጥ ለተላጠ እግር የሚሆን ፕላስተር፣ ጓንት፣ የማስመለሻ ከረጢት እና የንጽሕና መጠበቂያ ይኑር፤ የመጨረሻው ሳይጠየቅ እንዲገኝ ያለበትን ኪስ ሴት ልጆቹ ቀድመው ይወቁ። አዲስ ጫማ አይደረግ። ለወላጅ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ይህ ከሁሉም በላይ ይጻፍ።

የትራንስፖርት ክፍል፦ ስለ ቆጠራ። ጭንቅላት እየቆጠሩ የሚንቀሳቀስ ሰው መሐል 32 ማግኘት አይቻልም፤ የሌላ ቡድን ልጅ ይቆጠራል፣ የእኛው ይዘለላል። ለየልጁ በቡድኑ ውስጥ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይሰጠውና ራሱ ይጥራ፤ አዋቂው የሚጠራውን ልጅ ፊት ይይ። ለጓደኛው «አለ» ብሎ የሚመልስ መቼም አይጠፋም።

በከተማ ባቡር ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ የቀረ ባለበት ይቆማል፣ ያለፈ በቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ ይጠብቃል፣ ተመልሶ የሚሄደው አዋቂ ነው። ሁለቱም ወገን ከተንቀሳቀሰ በተቃራኒ መስመር ይተላለፋሉ። ቡድኖቹ በተለያየ በር ይግቡ፤ አዋቂው ከሁሉ በኋላ ይሳፈር።

ሾፌሩም ይታሰብ። ጠዋት 2፡00 ጀምሮ ማታ 3፡30 የሚያበቃ ቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በብዙ አገር የሾፌር የሥራ ቀን በሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ አንድ ሾፌር በቂ መሆኑን ድርጅቱ በጽሑፍ ያረጋግጥልን። ማውረጃው ቦታ ላይ አውቶቡስ ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆምበት ከተማ ብዙ ነው፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን ከላይ መደርደሪያ አውርደው ጭናቸው ላይ ይዘው ይድረሱ።

የወጣቶች አስተባባሪ፦ መጸዳጃ ቤት ማንም አልጠቀሰም ማለት ይቻላል። አራት ክፍል ባለበት ቦታ 32 ልጅ በሁለት ሁለት ደቂቃ ቢገባ 16 ደቂቃ ነው፤ በተግባር ወደ 25 ይጠጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይላክ፤ ሁለት ቡድን አዳራሹን ሲያይ ሁለቱ ይሂድ። ማማው ላይም እንዲሁ፤ ሊፍቱ ሁሉንም በአንዴ ስለማይወስድ አንድ አዋቂ በመጀመሪያው ዙር ይውጣ፣ ሌላው በመጨረሻው።

ማማው ቀድሞ ይሁን። ከላይ ሆነው ወንዙንና ኋላ የሚዘዋወሩበትን ሰፈር ካዩ በኋላ ካርታው ይገባቸዋል። ነፋስ ሲበረታ ክፍት ሰገነት ስለሚዘጋ ግን ተለዋጭ ይያዝለት።

ጸሐፊ፦ ጀልባውና የሳይንስ ሙዚየሙ ከዕቅዱ ወጥተዋል። የተሻሻለው ረቂቅ፦

«1. ተጓዦች 32 ታዳጊዎችና 6 አዋቂዎች ናቸው።
2. 4፡30 መድረስ፣ ቆጠራና መጸዳጃ ቤት፤ 5፡15 ማማ፤ 6፡15 አሮጌው ሰፈር በእግር፤ 7፡15 ምሳ፤ 8፡30 ሙዚየም፤ 10፡15 እስከ 11፡30 ነጻ ጊዜ፤ 12፡00 እስከ 12፡40 በጋራ የወንዝ ዳር የእግር ጉዞ፤ 1፡00 መነሻ።
3. ከአሮጌው ሰፈር ሦስት መንገዶች አንዱን ታዳጊዎቹ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። መንገድ መሪና ሰዓት ጠባቂም ከየቡድኑ ይመረጣል።
4. ጊዜ ካነሰ መጀመሪያ የሚቀረው የወንዝ ዳሩ ነው፤ ቀጥሎ የአሮጌው ሰፈር መንገድ ያጥራል። ምሳና ነጻ ጊዜ አይነኩም።
5. ጨለማ ከያዘ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳል።
6. በነጻ ጊዜ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ።
7. ከጠቅላላ ወጪው አሥር በመቶ ለድንገተኛ ይያዛል።»

አራተኛው ዛሬ ተጽፎ ካልጸደቀ በዕለቱ መንገድ ላይ ስድስት አዋቂ ሲከራከር ሌላ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል።

ሒሳብ ሹም፦ አንቀጽ 7 ይበቃኛል። ደረሰኝ የሚይዘው ግን አንድ ሰው ይሁን።

የትራንስፖርት ክፍል፦ ሁለት አዋቂዎች አስቀድመው በዚያው የሳምንት ቀን፣ በዚያው ሰዓት መንገዱን ይሂዱበት። እሑድ ጠዋት የተለካ መንገድ ለሐሙስ ከሰዓት አይሆንም። የጣቢያዎቹ ሊፍት መሥራቱንም ይዩ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ልጅ ካለ በሊፍቱ መንገድ የሚሄደው ቡድኑ በሙሉ ነው፤ እሱንና አንድ አዋቂ ለብቻ አንለያቸውም።

የወላጆች ተወካይ፦ በዚህ መልክ ከሆነ ነጻ ጊዜውን እቀበላለሁ። አንቀጽ 6 ግን ይታረም። በቡድን ስምንት ናቸው፤ ስምንት ለሦስት ሲካፈል ሁለት ልጆች ይቀራሉ፣ እኛ የፈራነውም ያንኑ ሁለት መሆን ነው። «ከሦስት በማያንስ ቁጥር» ይባል፤ አራት አራት ወይም ሦስትና አምስት ይሆናሉ።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 6 «ከሦስት በማያንስ ቁጥር» ተብሏል። የመንገድ ቅኝቱ ለትራንስፖርት ክፍልና ለወጣቶች አስተባባሪ ተሰጥቷል፤ የለኩትን ደቂቃ በአንቀጽ 2 ሰዓቶች ጎን ይጻፉልን።