«አልዘፈነም፣ አንጎራጎረ» ስድብ ነው ሙገሳ?

ማዕዶት፦ ሰላም የቋንቋ ሰዎች። ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር የኮኤን ወንድማማቾችን በፈረንጅ የ2013ቱን ፊልም አየን፣ ያ በፈረንጅ 1961 ኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ጊታሩን አንጠልጥሎ በዚያ ብርድ ካፖርት እንኳን ሳይኖረው ዛሬ እዚህ ሶፋ ነገ እዚያ ሶፋ የሚያድረው ልጅ ያለበት። ቺካጎ ድረስ ተንከራትቶ ሄዶ ለክለቡ ባለቤት ብቻውን ቁጭ ብሎ ተጫወተለት፣ ሰውየው ብር አይታየኝም ብሎ ሸኘው። እማዬ እስከዛ ትንፍሽ ሳትል ቆይታ «ይሄ ልጅ እኮ አልዘፈነም፣ አንጎራጎረ» አለች። አደነቀችው ወይስ ናቀችው? ብጠይቃት «ሰማሽ አይደል» ብላኝ ልትተኛ ሄደች።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ዘፈነ በግእዙ ጨፈረ ነው። የሄሮድያዳ ልጅ በመካከላቸው ዘፈነች ሲል ማይክ ይዛ መሰለሽ? ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተጫወተው፣ ስለዚህ አልዘፈነም። አለቀ።

ጎንደሬው፦ ኧረ አላለቀም። የዛሬ ሰው ዘፈነ ሲል ማን ጭፈራ ያስባል? ቁልፉ አንጎራጎረ ላይ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ከጉሮሮ የመጣ ነው፣ ወደ ውጭ ሳይለቀቅ እዛው ጉሮሮ ላይ የሚንከባለል ዜማ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ጉሮሮ??? የጉሮሮ ግእዙ ጉርዔ ነው ወንድሜ፣ ዐይኑን፣ ፊደሉን ዔን፣ የት ጣልከው? አንጐርጐረ ራሱን የቻለ ግስ ነው። ዘጸአት 16ን ክፈት፣ እስራኤል ምድረ በዳ ላይ ሲርባቸው በሙሴና በአሮን ላይ አንጐራጐሩ ይላል። ክራር ይዘው ነው? ስሞታ ነው እንጂ።

ሰም ለበስ፦ እኔ ግእዝ አልተማርኩም ግን እናቴ ቡና ስትለቅም ታንጎራጉር ነበር፣ አንዳችን ከገባን ቆም ታደርግና ወሬ ትጀምራለች። ለሰሚ ከሆነ ማንጎራጎር አይባልም። ልጁም ባለክለቡ ፊት ተቀምጦ ሰውየው የሌለ ያህል ነው የተጫወተው፣ ምናልባት እናትሽ እሱን ይሆናል ያዩት።

ጎንደሬው፦ እና ስንት የእንጉርጉሮ ካሴት ገዝተን ሰማን እኮ! ሰሚ ካልተፈለገ ለማን ተሸጠ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ካሴት ማስረጃ ሆነ ደግሞ 😂

ፊደል ቆጣሪ፦ ፊልሙን ግማሹን ነው ያየሁት፣ ድመቷስ ተገኘች?

ማዕዶት፦ የጠፋው ወንድ ነው እኮ። ልጁ መንገድ ላይ አፍሶ ለባለቤቶቹ የወሰደላቸው ግን ሴት ሆና ተገኘች፣ ያውም እራት ላይ፣ ሴትየዋ ስትጮህ እማዬ በሳቅ ልትሞት።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ተባዕትና አንስት ሳይለዩ ማደግ ይሄን ያመጣል።

ማዕዶት፦ ኧረ ጥያቄዬ! አደነቀችው ወይስ ናቀችው?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ጎንደሬው ዐይኑን ይመልስ።