«እነሱ ባይመጡ ምን ትጠጣ ነበር?»

የቦሌው በዩታ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ አንዱ፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዩታ የገቡበት ቀን የሚከበርበትን የጁላይ 24ን ሰልፍ ፎቶ ለጥፎ «ሞርሞኖች ባዶ በረሃ ላይ ሰፍረው ገነት አደረጉት፤ እነሱ ባይመጡ ዛሬ ምን ትጠጣ ነበር?» አለኝ። ላልፈው ነበር፣ አልቻልኩም። የሞርሞኖቹ መሪ ብሪገም ያንግ በ1847 ሲደርስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሶልት ሌክን ሸለቆ ነባሮቹ ሕዝቦች፣ ሾሾኒ፣ ዩትና ጎሹት፣ ያውቁት ነበር። ሲቲ ክሪክ የሚባለውን ጅረትም ሞርሞን አልቆፈረውም። የዋሳች ተራራ በረዶ ሲቀልጥ ድሮም ይወርድ ነበር።

ታዴ ሶልት ሌክ፦
«አንዱ» እኔ ነኝ፤ ስሜን ጥራ። መውረዱንማ ይወርድ ነበር። ማሳ ላይ ማን አወጣው? ብሪገም ያንግ ሳይገባ፣ ጁላይ 23፣ ቀድመው የደረሱት ጅረቱን ገድበው ማረስ ጀመሩ፤ በማግስቱ ድንች ተከሉ። አፈሩ ከመድረቁ የተነሳ ማረሻ ይሰብር ነበር። 1856 ላይ ደግሞ የእጅ ጋሪ እየገፉ የመጡት፣ የዊሊና የማርቲን ጓዶች የሚባሉት የሞርሞን ስደተኞች ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ያዛቸው፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስደትን የምናውቅ ሰዎች በዚህ እንቀልዳለን?

ሰላም ነኝ፦
ማን ቀለደ? ከቀደሙት ጋር ሰረገላ እየነዳ የገባው ግሪን ፍሌክ ባሪያ ነበር፤ ጥቁር። 1852 ላይ ዩታ ባርነትን በሕግ ፈቀደች። ለጋሪ ገፊዎቹ ስታለቅስ ለሱም ትንሽ እንባ አስተርፍ።

ታዴ ሶልት ሌክ፦
ሐውልት አለው እኮ! 2022 ላይ አቆሙለት።

ሰላም ነኝ፦
175 ዓመት ቆይተው። ለጥቁር ወንዶች ክህነት የተፈቀደውም 1978 ነው። ቸኮሉ እንዳትል ብቻ።

እህተ ማርያም፦
እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ በዚህ ግሩፕ ስሰደብ የመጀመሪያዬ አይደለም። የ1978ቱን አልከላከልም። ግን አዲስ መጥቼ ማንንም ሳላውቅ ሶፋ ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ያወጡልኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን እናንተ የት ነበራችሁ?

የቦሌው በዩታ፦
እህቴ፣ ሶፋ ማንም ያወጣል። ስለ ውሃ ነው የምናወራው።

እህተ ማርያም፦
ማንም አላወጣልኝማ!

ኢንጂነሩ፦
ሶፋውን ተዉት። «ምን ትጠጣ ነበር» የሚለውን ሐይቁን ጠይቁት። ታላቁ የጨው ሐይቅ መውጫ የለውም። የሚገባለት ከቤር፣ ከዌበርና ከጆርዳን ወንዞች ነው። ሦስቱንም እየጠለፍን ብዙ ውሃቸውን መንገድ ላይ እንጨርሳለን፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እርሻ ነው፣ በተለይ አልፋልፋና የከብት ድርቆሽ። 2022 ላይ ሐይቁ በተመዘገበ ታሪኩ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። የደረቀው ወለል አርሴኒክ አለበት፤ ነፋስ ሲነሳ ወደኛ ነው የሚመጣው። የመስኖው ታሪክ ያምራል፣ ሂሳቡ ግን ገና አልተዘጋም።

ታዴ ሶልት ሌክ፦
ታዲያ በ1847 ድንች የተከለው ሰውዬ ነው ለ2022 የሚጠየቀው? ያኔ የነበሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው። ሐይቁን ያደረቅነው በኋላ የመጣነው ነን፣ እኔም አንተም።

እህተ ማርያም፦
ደግሞ 2023 ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ወደ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ የውሃ ድርሻዋን ለሐይቁ በቋሚነት ሰጥታለች። ይሄን ማንም አያነሳም።

ሰላም ነኝ፦
መስጠቷ ጥሩ። የማን ውሃ ነበር ግን? ሾሾኒዎች የሚኖሩት በሣሩ ዘር ነበር። የሰፋሪው ከብት ግጦሹን ሲጨርስ ረሃብ ገባ፣ ከዚያ ግጭት፣ ከዚያ ጃንዋሪ 1863 ቤር ወንዝ ዳር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ሴትና ሕፃን ሳይቀር።

ታዴ ሶልት ሌክ፦
የጨፈጨፈው ከካሊፎርኒያ የመጣ የመንግሥት ጦር ነው! ሞርሞን ላይ አትለጥፊ።

ሰላም ነኝ፦
ጦሩ የማን ነው አላልኩም። ግጦሹን ማን ጨረሰ ነው ያልኩት። አንብብ።

ኢንጂነሩ፦
እዚያው ቦታ ላይ አሁን ደስ የሚል ሥራ አለ። የሰሜን ምዕራብ ሾሾኒዎች 2018 ላይ መሬቱን ራሳቸው ገዙት። መጤውን ዛፍ እየነቀሉ አገር በቀሉን ይተክላሉ። የሚተርፈው ውሃ ወደ ቤር ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ እንዲወርድ ነው።

የቦሌው በዩታ፦
አየህ ታዴ? አያቶቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች ገንዘብ አውጥተው አንተን ከአቧራ ያድኑሃል። አሁን ልጠይቅህ፣ እነሱ ባይኖሩ ምን ትተነፍስ ነበር?

ታዴ ሶልት ሌክ፦
ጥሩ ተናግረሃል፣ አጨብጭቡለት። ለሐይቅ እንዲህ የምታለቅስ ከሆነ ግቢህ ውስጥ ያለው ሣር በነሐሴ ለምን ይረጥባል? በመንገድህ ሳልፍ አይቻለሁ፤ ውሃው አስፋልቱን ሁሉ አጥቦታል።

የቦሌው በዩታ፦
ቤቱ የኪራይ ነው! ሣሩ ከደረቀ የሰፈሩ ማኅበር ይቀጣኛል።

ሰላም ነኝ፦
ኧረ! ስንት ነው የሚቀጡት?

ኢንጂነሩ፦
ሣሩን ነቅሎ ውሃ የማይጠይቅ ተክል ለሚተክል ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። አከራይህን አናግር።

የቦሌው በዩታ፦
አከራዬን አታውቀውም።

ታዴ ሶልት ሌክ፦
ሞርሞን ነው በለን እስቲ።

የቦሌው በዩታ፦
የጎንደር ሰው ነው።