ጅቡቲ የተተከለው ሴንሰር ኦክሲጅኑን አብዝቶ ያነባል፤ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ አዘጋጅተን በባቡር የላክነው የውኃ ጥራት ሴንሰር ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ከተተከለ ወዲህ የሟሟ ኦክሲጅን ንባቡ አልጥም ብሎኛል። ውኃው 30 ዲግሪ ነው፤ ሴንሰሩ 8.7 ሚሊግራም በሊትር ይላል፤ ውኃው መያዝ ከሚችለው በመቶኛ 115። የቀሩት ንባቦች ደህና ናቸው። ከመላኩ በፊት ካሊብሬት ሳደርገው (ንባቡን ከታወቀ ልክ ጋር ሳስተካክለው) ልክ 100 ነበር። አሠሪዎቹ ሪፖርቱን ነገ ጠዋት ይፈልጋሉ። ምን ይሻላል?

ከዚራ፦ ድሬ ደግሞ መቼ ነው ባሕር ጠባቂ የሆነችው? እኛ የደቻቱን ወንዝ እንኳ የምናውቀው በአሸዋው ነው። ለማንኛውም እጠበው።

መምህሩ ከሐረር፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ባሕር ውስጥ የገባ ዕቃ ሁሉ ውሎ ሳያድር ስስ አተላ ይለብሳል፤ ቆይቶም አልጌና ድንጋይ የሚመስሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ይለጠፉበታል። ሞቃት ባሕር ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ነው ሴንሰሮች የሚሽከረከር መጥረጊያና የመዳብ መከላከያ የሚገጠምላቸው፤ መዳብ ለእነዚህ ፍጥረታት መርዝ ነውና። ስታጸዳው የኦክሲጅኑን ቆብ በአልኮል እንዳትነካው፤ ይበላሻል። ደግሞም ከማሽን በፊት የዊንክለር ዘዴ ነበር፤ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ ኦክሲጅኑን በኬሚካል መለካት ማለት ነው፤ ከ1888 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዛሬ ወጣት ግን ጠርሙስ መያዝ አይወድም።

ለገሃር፦ ንባቡ ስሕተት ነው ያለህ ማነው? አልጌ የበዛበት ውኃ ፀሐይ ሲያገኝ ኦክሲጅኑ ከ100 በመቶ በላይ መውጣቱ የታወቀ ነው። መሣሪያውን ከመክሰስህ በፊት ባሕሩን ጠይቅ።

የሳቢያን ልጅ፦ ሌሊት 9 ሰዓትም ያው 115 ነው። የተተከለው ትናንት ነው፤ የሚታጠብ ነገር የለውም።

ከዚራ፦ ቢሆንም መታጠብ አይጎዳም።

ገንደ ቆሬ፦ ሌሊትም ካልወረደ አልጌ አይደለም፤ አልጌ በጨለማ ኦክሲጅን ይበላል እንጂ አይሰጥም። ሁለት ነገር ንገረን፦ ካሊብሬት ስታደርገው የአየር ግፊቱን ስንት ብለህ ሞላህ? የጨው መጠኑንስ?

የሳቢያን ልጅ፦ ግፊቱን ስልኬ ላይ ካለው የአየር ትንበያ ወሰድሁ፤ 1014 ሄክቶፓስካል ይላል። ጨው የሚለው ቦታ ላይ 0 አለ፤ አልነካሁትም።

ገንደ ቆሬ፦ በቃ፣ ተገኘ። ትንበያው የሚሰጥህ ወደ ባሕር ወለል ተመንዝሮ የተሰላ ግፊት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው እውነተኛ ግፊት 880 አካባቢ ነው። ሴንሰሩ የድሬን ስስ አየር የባሕር ወለል አየር ነው ብሎ ተቀበለ፤ ጅቡቲ ሲወርድ የኦክሲጅን ንባቡን ሁሉ በ15 በመቶ ገደማ አበዛው። መቶኛው 115 የሆነው ለዚህ ነው። ሚሊግራሙን ደግሞ ጨው አለመሞላቱ ጨመረበት፤ ጨው ያለበት ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ያነሰ ነውና። 30 ዲግሪ ላይ ጨው አልባ ውኃ 7.6 ገደማ ሲይዝ፣ የባሕር ውኃ የሚይዘው 6.2 ነው። አስላው፦ 8.7 ሲባዛ በ0.87 (880 ለ1014 ሲካፈል)፣ እንደገና ሲባዛ በ0.82 (6.2 ለ7.6 ሲካፈል)፤ 6.2 ይመጣል። ባሕሩ ጤነኛ ነው።

ለገሃር፦ እኔም ባሕሩን ጠይቅ ነው ያልሁት።

የሳቢያን ልጅ፦ ታዲያ ሴንሰሩ ከውኃ ይውጣ? ጀልባ የሚገኘው ከነገ ወዲያ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ ለሪፖርቱ አይደለም። የሴንሰሩን ንባብ ሳትሰርዝ የታረመውን በጎኑ አስቀምጥ፤ በምን እንዳረምኸውም ጻፍ። ጀልባው ሲገኝ እዚያው ጠረፍ ላይ በእርጥብ አየር ካሊብሬት ይደረግ፤ ግፊቱ በቦታው በባሮሜትር ይለካ፤ ጨው 36 አካባቢ (በኪሎ ውኃ 36 ግራም ማለት ነው) ይሞላ። የጨው ሴንሰር አብሮት ካለ ግን ራሱ እንዲያርም ክፈተው።

መምህሩ ከሐረር፦ ትክክል ብለሻል፣ እህቴ። እግረ መንገዳቸውን በዊንክለር ያመሳክሩት።

መጋላ፦ እዚሁ ልጠይቅ፤ የእኔ የአሲድነት መለኪያ ንባቡ ይንሸራተታል። ሥራ ሲያልቅ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ከዚራ፦ እጠበው።

ገንደ ቆሬ፦ የተጣራ ውኃ ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም የሚለካውን ጫፍ፣ ይገድለዋል። ማስቀመጫው የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት ነው፤ አንድ ሌሊት አሳድረውና እንደገና ሞክረው።