የባሕር ዳርቻ ውሃ ቀለሙና ጥራቱ በቀናት ውስጥ ለምን ይለዋወጣል?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር፣ አዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ኅዳር ለሥልጠና ወደ ኬንያ ሄጄ፣ ማሊንዲ በምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከተማ አምስት ቀን ቆይቼ ነበር። ከዚያ በፊት ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው ዳርቻ ውሃው ከዳር አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ፣ ራቅ ሲል ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ የእግሬን ጣቶች መቁጠር እችል ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስወርድ ግን እዚያው ቦታ ላይ የእኛን የመገጭ ወንዝ በሐምሌ የመሰለ ድፍርስ ጠበቀኝ። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ አንዲት ጠብታ አልጣለችም።

ተመልሼ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው አንዷ፣ «ታዲያ ጎርጎራ ላይ የምናየው ጣና ለምን እንደዚያ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ የሰማዩን ቀለም ያንጸባርቃል የሚለው የለመድነው መልስ እንደማያስኬድ እዚያው ገባኝ፤ ከጣና በላይ ያለው ሰማይም ሰማያዊ ነውና። የምታውቁ ብታስረዱኝ ለክፍሉ ይዤ እገባለሁ።

መልስ፦ የውሃ ምህንድስና ባለሙያ፣ ጎንደር

መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ውሃ የራሱ ቀለም አለው፤ ነገር ግን እጅግ ፈዛዛ ስለሆነ በብርጭቆ አይታይም። የፀሐይ ብርሃን ወደ ጥልቅ ውሃ ሲገባ ቀዩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይዋጣል፣ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተሉታል፣ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ከሄደ በኋላ ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ከዳር ፈካ ብሎ ያዩት ደግሞ ውሃው ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ነጭ አሸዋ ብርሃኑን መልሶ ስለሚልከው ነው። ሰማዩ ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ ደመና ሲጋርድ ያው ውሃ ግራጫ ይመስላል። ይሁንና ሰማይ ውሃን ቡናማ አያደርግም።

ቡናማውን ያመጣው ወንዝ ነው። ከማሊንዲ በስተሰሜን፣ ከከተማዋ ሳይርቅ፣ ሳባኪ የተባለ ወንዝ ወደ ውቅያኖሱ ይገባል። ይህ ወንዝ በላይኛው ክፍሉ አቲ እየተባለ ከናይሮቢ አካባቢ ደጋ የሚነሣ በመሆኑ፣ ማሊንዲ ላይ ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ አፈር ተሸክሞ ከቀናት በኋላ ይደርሳል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደምቢያ ሜዳ ላይ ጠብ ሳይል መገጭ ሞልቶ የሚወርደው ጎንደርና ከዚያ በላይ ያለው ተራራ ላይ ዘንቦ ነው። በዚያ ላይ ኅዳር በምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ላይ ነፋሱ የሚዞርበት ወቅት ነው። በእኛ ክረምት ወራት ከደቡብ እየነፈሰ የወንዙን ድፍርስ ወደ ሰሜን የሚገፋው ነፋስ፣ ከሰሜን ምሥራቅ መምጣት ሲጀምር ድፍርሱን ወደ ደቡብ፣ እርስዎ ወደቆሙበት ዳርቻ ይነዳዋል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን የተለወጠው ወንዙ ሳይሆን የነፋሱ አቅጣጫ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ መርከበኛ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ተወልዶ ያደገ

ባለሙያው በተናገሩት ላይ፣ ወንዝ በሌለበትም ዳርቻ ውሃው እንደሚለዋወጥ ልጨምር። ማዕበል ሲበረታ ከሥር ያለውን አሸዋና ደለል ቀስቅሶ ያደፈርሰዋል፤ ነፋሱ ሲተኛ ከባዱ አሸዋ በደቂቃዎች ይሰክናል፣ ደቃቁ ግን ቀናት ይፈልጋል።

አረንጓዴው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ በሶማሊያ ጠረፍ አጠገብ ሳልፍ ባሕሩ ሰማያዊነቱን ትቶ አረንጓዴ ሆኖ፣ አየሩም በዚያ ሞቃት አገር ሊታመን በማይችል ሁኔታ ቀዝቅዞ አግኝቼዋለሁ። ብርቱው የክረምት ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ገፍቶ ሲያርቀው፣ በምትኩ ቀዝቃዛና በማዕድን የዳበረ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት ያንን ተመግበው ስለሚባዙ ውሃው የቅጠል ቀለም ይይዛል። ቀይ ባሕር በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚያወርድለት ወንዝ የለውም፣ ዝናቡም ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው ጥርት ያለ ሰማያዊ የሆነው ስለዚህ ነው። ስሙን ግን ብዙዎች የሚያያይዙት አልፎ አልፎ ተራብተው ላዩን ቀላ አድርገው ከሚሸፍኑት ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ነው።

የተማሪዋን ጥያቄ በተመለከተ እጅግ አስፈላጊ የምለው ነገር ጨው ነው። ደቃቅ ጭቃ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ተንሳፎ ይቆያል፤ ወንዙ ወደ ባሕር ሲገባ ግን ጨው ያንን መገፋፋት ስለሚያዳክመው ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይከብዱና ይዘቅጣሉ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ጣና ይህ ዕድል የለውም። ለክፍሉ በሁለት ጠርሙስ ሊያሳዩት ይችላሉ።

መልስ፦ ጀልባ ነጂ፣ ጎርጎራ

መምህር፣ እኔ ትምህርቱ የለኝም፤ ሐይቁን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ እንደማያልፍ የለኩት ሰዎች ነግረውኛል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ የሥሩን ጭቃ ያገኘዋል። ጠዋት ከዳር መቅዘፊያው እስከ ጫፉ ይታየኝ የነበረው በዘጠኝ ሰዓት ከግማሹ በታች ይጠፋል። በክረምት ደግሞ መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ የእርሻውን አፈር ይዘው ስለሚገቡ ከሩቅ ጭምር ቀይ ሆኖ ይታያል። ደንገል ባለበት ዳር ውሃው ጥራት አለው፤ ደንገሉ ማዕበሉን ይሰብራል፣ ጭቃውንም ያስቀራል። ደንገሉ ታጭዶ ማሳ የሆነበትን ቦታ ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

አንድ ነገር ለልጆቹ ይንገሩልኝ፤ የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። እምቦጭ ከሸፈነው ሥር ውሃው ነፋስ ስለማይነካው ሰክኖ ጠርቶ ይገኛል፤ ነገር ግን አየር ስለሚያጥረው ዓሣው ይሸሸዋል።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጠርሙሶቹን ትናንት ሞከርናቸው። ከመገጭ ዳር የወሰድነውን ጭቃ በሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ በእኩል በጥብጠን፣ በአንደኛው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨመርንበት። ጥቂት ቆይቶ በጨዋማው ውስጥ ጭቃው አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይብ እንደሚሆነው እየተቋጠረ መውረድ ጀመረ፤ ጠያቂዋ ልጅ ናት ቀድማ ያየችው። ትምህርት ሲያበቃ ጨዋማው ከላይ ወደ ታች ግማሹ ድረስ ጠርቶ ጣቷ ከጠርሙሱ ጀርባ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ዛሬ ጠዋትም የሻይ በወተት መልክ እንደያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነጭ ሰሃን በገመድ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር እያወረደ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመለካት የውሃ ጥራት የሚታወቅበትን ዘዴ አስተዋውቋል። እኛም የድስት ክዳን ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ገመዱን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቋጥረን አዘጋጅተናል። የጎርጎራው ወንድሜ ፈቃድዎ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ተማሪዎች ይዤ እመጣለሁና አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ደንገሉ ባለበትና በሌለበት ዳር ያውሉን።