መጻሕፍት ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት የሚወገዱበት ምክንያት የሚነገረው ነው ወይስ ሌላ?

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመጻሕፍት ላይ ስለሚነሣው ተቃውሞ ሰሞኑን ሳነብ፣ አውቀዋለሁ ብዬ ይዤው የነበረው ቀላል መልስ አላዋጣ አለኝ። መጽሐፍ የሚታገደው ለልጆች የማይገባ ነገር ስለያዘ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ የማርክ ትዌይንን «ሃክልቤሪ ፊን» ብንመለከት፣ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የኮንኮርድ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1885 መጽሐፉን ያስወጣው ስድ አነጋገርና ባለጌ ጠባይ ያስተምራል በሚል ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ተቃውሞው ከሌላ አቅጣጫ መጣና ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ደጋግሞ ይጠቀማል ተባለ። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለወጡት ከሳሾቹና ክሱ ናቸው። ታዲያ በአቤቱታው ላይ የሚጻፈው ምክንያት እውነተኛው ምክንያት ነው ወይ? ደግሞስ ተቃውሞ የሚያቀርበውን ሁሉ የመጽሐፍ ጠላት አድርጎ መቁጠር ተገቢ ነው? ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦

ከምክንያቱ በፊት «ታገደ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚሸፍን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ክርክር የሚደበላለቀው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ መጽሐፉ ተቃውሞ ገጠመው እንጂ ገና አልታገደም። ከአቤቱታው በኋላ ባለበት ሊቆይ፣ ከመደርደሪያ ሊነሣ፣ በወላጅ ፈቃድ ብቻ እንዲሰጥ ሊወሰን፣ ከታናናሾቹ ክፍል ወደ ታላላቆቹ ሊዛወር፣ ወይም በክፍል ውስጥ ከሚጠናው ዝርዝር ብቻ ሊሰረዝ ይችላል። በቴነሲ የሚገኘው የማክሚን አውራጃ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ስለ አይሁድ እልቂት በሥዕል የሚተርከውን «ማውስ» የተባለ መጽሐፍ በ10 ለ 0 ድምፅ ያስወጣው ከስምንተኛ ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ነበር፤ የቀረበው ምክንያትም ጥቂት የስድብ ቃላትና አንድ የእርቃን ሥዕል ነበሩ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለ2023 ያወጣው 4,240 የሚል አኃዝም እንዲሁ ተቃውሞ የተነሣባቸውን ርእሶች የሚቆጥር ስለሆነ፣ ሁሉም ተወግደዋል ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በአቤቱታ ቅጽ ላይ «ሐሳቡን አልወደድሁትም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ አያጋጥምም፤ እንዲህ ያለው ምክንያት ሰሚ እንደማያገኝ ማንም ያውቀዋል። «ብልግና ነው»፣ «ለዕድሜያቸው አይመጥንም» የሚሉት ግን ማንም ወላጅ ፊቱን የማያዞርባቸው ቃላት ናቸው። ይህ ማለት አቤት ባዮቹ ይዋሻሉ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ የጻፉትን ከልባቸው ያምኑበታል። ነገር ግን ተመሳሳይ ትዕይንት ያለባቸው ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንደኛው ብቻ ሲነሣ፣ ልዩነቱ የሚገኘው ከትዕይንቱ ይልቅ በታሪኩ ባለቤት ማንነት ነው። ስለ ዘር ታሪክ፣ ስለ ፆታ ማንነት፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጦርነት የሚያወሱ መጻሕፍት ተደጋግመው የሚከሰሱት፣ ትምህርት ቤት አንድ ማኅበረሰብ ስለ ራሱ የሚያወራውን ታሪክ ለልጆቹ የሚያስረክብበት ቦታ ስለሆነ ይመስለኛል። ርክክቡን ማን ይምራው የሚለው ጠብ ነው በመጽሐፉ ላይ የሚያርፈው።

ሌላው ተነጥሎ የሚነበብ ገጽ ነው። ከረጅም ልብ ወለድ ውስጥ ሁለት አንቀጽ መዝዞ በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ማንኛውንም ደራሲ ነውረኛ ለማስመሰል ይበቃል፤ ስለዚህም ነው ብዙ የአቤቱታ ቅጾች «መጽሐፉን ሙሉውን አንብበዋል?» ብለው የሚጠይቁት። (መልሱ ስንት ጊዜ «አላነበብሁም» እንደሆነ ብነግርዎ ይገረማሉ።) የሚነሡት መጻሕፍትም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዝርዝር የተገለበጡ ናቸው። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የ2021–22 የትምህርት ዘመንን ከአንድ ሺህ በላይ አቤቱታዎች ሲመረምር፣ 60 በመቶ የሚሆኑትን ያስገቡት 11 ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ተቃውሞ ሁሉ ሥውር ዓላማ ያለው ሆኖ እንዳይታይ እሰጋለሁ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አቤቱታ አቅርቤያለሁ። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ሳለች ራስን ስለ ማጥፋት በዝርዝር የሚተርክ መጽሐፍ ከትምህርት ቤቷ ይዛ መጣች፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤ መልካም መጽሐፍ እንደሆነ፣ ነገር ግን ቦታው የታናናሾቹ መደርደሪያ እንዳልሆነ ጻፍሁ። ከታላላቆቹ መጻሕፍት ጋር አስቀመጡት፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰው ወዶ የሚገባበት ቦታ ሲሆን ትምህርት ቤት ግን በግዴታ የሚኬድበት ስለሆነ፣ እኔ ቤት ሆኜ ልጄ ምን እንደምታነብ ማየት በማልችልበት ሰዓት ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ሆኖ ይመርጥላታል። ያንን መጠየቅ ሳንሱር ከተባለ ቃሉ ትርጉም ያጣል። በአንድ ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጋር እስማማለሁ፦ ለልጄ የከለከልሁትን ለጎረቤቴ ልጅም የመከልከል መብት የለኝም።

የሕግ ተማሪ፦

እናትየው የጠቀሱት ልዩነት በሕጉም ውስጥ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 በጊንስበርግ ጉዳይ ለአዋቂ የተፈቀደ ጽሑፍ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ እንዳይሸጥ መከልከል እንደሚቻል ወስኗል፤ በ1973 በሚለር ጉዳይ ደግሞ አንድ ሥራ ጸያፍ መሆን አለመሆኑ ሲመዘን ቁም ነገር አለው የለውም የሚለው መታየት ያለበት ሥራው በሙሉነቱ ተይዞ ነው ብሏል። ከስብሰባው ላይ ተመዝዛ የምትነበበው ገጽ በዚህ ሚዛን ብቻዋን አታስፈርድም።

ለጥያቄው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1982ቱ የፒኮ ጉዳይ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የአይላንድ ትሪስ የትምህርት ቦርድ አባላት ከአንድ የወላጆች ቡድን ጉባኤ ያገኙትን ዝርዝር ይዘው በቤተ መጻሕፍታቸው የተገኙትን መጻሕፍት አስወጡ፤ ቦርዱ ራሱ ያቋቋመው ኮሚቴ አምስቱ እንዲቆዩ ቢመክርም አብዛኛውን ምክር ሳይቀበል ቀረ፤ ተማሪዎቹም ከሰሱ። ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ለተማሪዎቹ ቢያደሉም በአንድ የጋራ ሐተታ ላይ አልተስማሙም። የአራቱ ዳኞች ሐተታ፣ ቦርድ መጽሐፍን በብልግናው ብዛት ወይም ለትምህርት ባለመመጠኑ ሊያስወጣ ይችላል፤ በውስጡ ያለውን ሐሳብ ስለጠላ ብቻ ግን አይችልም የሚል ነው። እንግዲህ ጠያቂው ያነሡት የምክንያትና የሰበብ ልዩነት የሕጉ ዋና መመዘኛ ሆነ ማለት ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል፤ ፍርድ ቤቱ የተቀበለውን ቃል ለይቶ የሚያውቅ ቦርድ ሐሳቡን ጠልቶ እንኳ በቃለ ጉባኤው ላይ «ለትምህርት አይመጥንም» ብሎ ይጽፋልና። ሐተታው የብዙኃን ድምፅ ስላላገኘም እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ነው። በ2025 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በቴክሳስ የላኖ አውራጃ ጉዳይ ላይ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ቢያስወጣ አንባቢው መረጃ የማግኘት መብቴ ተነካ ብሎ መክሰስ አይችልም ሲል ወስኗል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ቅጽ፣ ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ያለበት ቦታ ቢያንስ ክርክሩ በአደባባይ ይደረጋል ማለት ነው። ያለ ክርክር የሚጠፉ መጻሕፍትስ አሉ?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦

አሉ፤ ከታገዱት ይበዛሉ ብዬም እገምታለሁ። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ውሱን ስለሆነ ሁልጊዜ ይመርጣል፤ መምረጥ ደግሞ ሳንሱር አይደለም። መራጩ «ይህ መጽሐፍ ለአንባቢዎቼ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የፈራው ግን «ይህ መጽሐፍ ስብሰባ ያስጠራብኝ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነው፣ ከዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መሰረዝ። እኔም ጎረቤት ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብርቱ ጠብ በተነሣበት ዓመት፣ ግምገማቸው እጅግ ጥሩ የነበረ ሦስት ልብ ወለዶችን ከግዢ ዝርዝሬ አወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አቤቱታ አላቀረበም። አለቃዬ ስትጠይቀኝ «በጀት አልበቃም» አልኋት፤ በዚያው ሳምንት ግን ማንም ላልጠየቀው የመዝገበ ቃላት አዲስ እትም ከፍለን ነበር።