የቴክሳስ ሜስኪት ሰጥቼ የካሊፎርኒያ ወይራ ማግኘት እችላለሁ?

የማርቆስ ልጅ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎረቤቴ ትልቅ የሜስኪት ዛፍ አስቆርጦ ግንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ፈልጬ ጋራዥ ውስጥ ከደረደርኩት ሁለት ዓመት ሆነው። ሲላግ ቀላ ያለ ቡኒ ነው፣ በጣም ያምራል። ሲደርቅ ብዙም ስለማይኮማተር ረከቦት የምሠራው በእሱ ነው። ሦስት ሠርቻለሁ፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ቁርጥራጩን ለሥጋ መጥበሻ አደርገዋለሁ። ጭሱ ኃይለኛ ስለሆነ ፍም አድርጌ ቶሎ ለሚደርስ ጥብስ ነው የምጠቀምበት። ቀኑን ሙሉ ጭስ ላይ ለሚውል ሥጋ የፒካን ዛፍ እንጨት ይሻላል።

የቸገረኝ ወይራ ነው። እናቴ እዚህ ጠላ ትጠምቃለች፣ እንስራውን የምታጥንበት ግን የላትም። «ያልታጠነ እንስራ ላይ ጠላ አይጣፍጥም» እያለች ታዝናለች። የካሊፎርኒያው ወይራ ከእኛው ጋር አንድ ነው? በሜስኪት የሚለውጠኝስ አለ? ባለፈው ለጓደኛዬ አንድ ካርቶን እንጨት ልኬላት ስትከፍተው ታቹ እንደ በሶ የላመ ዱቄት ሞልቶት አገኘችው። በጣም አፈርኩ።

አናጢው (ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ)፦
እህቴ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በሳይንስ አንድ ዝርያ ነው የሚባሉት፣ ንዑስ ዝርያቸው ብቻ ይለያል። እኔ ገበሬ ሲከረክም እየለመንኩ ጋን አጥኜበታለሁ፣ ደስ የሚል ሽታ አለው። ብቻ ኬሚካል ከተረጨ ዛፍ አይወሰድም።

ዱቄቱ የጥንዚዛ ሥራ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ይፈለፈልና እንጨቱ ከደረቀም በኋላ ውስጡን ሲበላ ይኖራል። ስለዚህ ቅርፊቱን አንድም ሳታስቀሪ ላጪ። ቀጥሎ ምድጃ ውስጥ ማሞቅ ነው። ለማገዶ የሚሠራበት መለኪያ የእንጨቱ መሃል 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 60 ደቂቃ መቆየቱ ነው። መሃሉ ነው የምልሽ፣ ምድጃው ላይ የሚታየው ቁጥር አይደለም። ወፍራሙን ጉማጅ ብሺውና ቴርሞሜትር ክተቺበት። ምድጃውን ጥለሽ እንዳትወጪ!

የኦክ ዛፍ እንጨት አትቀላቅዪበት። ቴክሳስ ውስጥ ኦክ የሚገድል የፈንገስ በሽታ አለ፣ በማገዶም ይዛመታል። እኛም ጋ መግቢያ ኬላ ላይ ማገዶ ይፈተሻል። ሳትልኪ በፊት ለሁለቱም ስቴት የግብርና መሥሪያ ቤት ደውዪ። ከፈቀዱ ካርቶን በካርቶን እንለዋወጣለን።

ሰሊ (ሲያትል)፦
ፖስታ ቤት በክብደት ሳይሆን በካርቶን የሚያስከፍልበት አለ። ትልቁ ካርቶን እስከ 70 ፓውንድ ይፈቀድለታል። ሜስኪት ጢም አድርገሽ ብትሞዪው ከ20 ፓውንድ ብዙ አይዘልም፣ ስለዚህ ስለ ክብደት አትጨነቂ። ወርዱ 12 ኢንች ስለሆነ 11 አድርገሽ ቁረጪ። ክፍተቱን በጋዜጣ ጠቅጥቂው፣ እንጨቱ ከተንቀሳቀሰ ጥጉን ይቀደዋል። እኔ የያኪማ አፕል እንጨት በላክሁ ጊዜ የደረሰብኝ ነው። ላስቲክ ግን አትጠቅልዪበት፣ ይሻግታል።

የማርቆስ ልጅ፦
ተባረኩ! ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ መላጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጉማጅ ላይ ቅርፊቱ ሲነሳ የጣቴን ጫፍ የሚያክል ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጎኑ ያ ዱቄት አለ። ሁለቱም መሥሪያ ቤት ሰኞ እደውላለሁ። ጋሼ፣ እሺ ካሉን ወይራውን ቀጠን ቀጠን አድርገው ይፍለጡልኝ። እናቴ እንስራውን ጭሱ ላይ ደፍታ ነው የምታጥነው፣ ወፍራም ከሆነ አፉ ሥር አይገባላትም።